ምዕራፍ አራት፦ ለተጠራጣሪ አንባቢ የሚጻፍ ጽሑፍ

አካዳሚያዊ ጽሑፍ ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚታየው የቃላቱ ክብደት፣ የዐረፍተ ነገሩ ርዝመትና በየገጹ ግርጌ የሚደረደረው የማስታወሻ ብዛት ነው። በዚህም የተነሣ አንድን ጽሑፍ ምሁራዊ ለማድረግ ቀላሉን ቃል በከባዱ መተካት፣ አጭሩን ዐረፍተ ነገር ማስረዘምና ጸሐፊውን ከጽሑፉ መሰወር በቂ መስሎ የሚታያቸው ጥቂት አይደሉም። እነዚህ ግን ውጫዊ ምልክቶች ናቸው፤ አንዳንዶቹም ጨርሶ አስፈላጊ እንዳልሆኑ በዚህ ምዕራፍ መጨረሻ አካባቢ ይታያል። ዋናው ልዩነት የሚመነጨው ጸሐፊው በሐሳቡ ካስቀመጠው አንባቢ ነው፦ የዕለት ተዕለት ጽሑፍ በመሠረቱ ለሚያምን አንባቢ ይጻፋል፤ አካዳሚያዊ ጽሑፍ ደግሞ ለሚጠራጠር።

«የዕለት ተዕለት ጽሑፍ» የሚለው ስያሜ እዚህ ላይ ሰፊ ክልል ይሸፍናል፤ ለዘመድ የሚላክ ደብዳቤ፣ ለቀበሌ የሚገባ ማመልከቻ፣ የጋዜጣ ዐምድ፣ በቴሌግራም የሚዘዋወር መልእክት ሁሉ በውስጡ ይገባሉ። እነዚህ እርስ በርሳቸው የሚመሳሰሉ ባይሆኑም፣ ሁሉም ተአማኒነታቸውን የሚያገኙት ከጽሑፉ ውጭ ካለ ነገር ነው፦ የዘመድ ደብዳቤ በዝምድናው፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ በማኅተሙና በፊርማው፣ የጋዜጣ ዐምድ በዐምደኛው ስም ይታመናል። ቧንቧ እንዲጠገንለት ለወረዳ የሚያመለክት ሰው «በመንደራችን ውሃ ከጠፋ ከርሟል» ብሎ ሲጽፍ፣ «ከርሟል» ማለት ስንት ቀን እንደሆነ፣ «መንደራችን» የትኞቹን ቤቶች እንደሚያካትት፣ መረጃው ከማን እንደተሰበሰበ አጥብቆ የሚጠይቀው የለም፤ የተጠራጠረ ሠራተኛ ቢኖር እንኳ ሄዶ ቧንቧውን ከፍቶ ያያል። በዚያው መንደር ስለ ውሃ ሥርጭት የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ ግን እነዚህን ጥያቄዎች ሳይመልስ አንድ ገጽ መራመድ አይችልም፤ ጽሑፉን ከሃያ ዓመት በኋላ በሌላ አገር ተቀምጦ የሚያነብ ሰው ቧንቧውን ሊከፍት አይችልምና፣ ለማመንም ሆነ ለመጠራጠር የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ እዚያው ወረቀቱ ላይ መገኘት አለበት።

ለተጠራጣሪ አንባቢ የመጻፍ ልማድ በአብዛኛው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አውሮፓ ጋር ይያያዛል። እ.ኤ.አ. በ1665 በጥር ወር በፓሪስ፣ በመጋቢት ደግሞ በለንደን ሁለት መጽሔቶች መታተም ጀመሩ፤ የለንደኑ «ፊሎሶፊካል ትራንዛክሽንስ» የተባለው መጽሔት አርታኢ ሮያል ሶሳይቲ የተባለው የሳይንስ ማኅበር ጸሐፊ የነበረው ሄንሪ ኦልደንበርግ ሲሆን፣ መጽሔቱ ዛሬም አልተቋረጠም። ከዚያ በፊት ሊቃውንት ግኝታቸውን የሚያስተላልፉት በመጽሐፍ ወይም በግል ደብዳቤ ነበር። ሮያል ሶሳይቲ የማንንም ሰው ቃል በቃልነቱ ብቻ አለመቀበልን መፈክሩ አድርጎ ስለተነሣ፣ በአባላቱ ዘንድ የአንድ ጸሐፊ ማዕረግ ወይም ዝና ብቻውን ማስረጃ ሆኖ ሊያገለግል አይገባም ነበር። ችግሩ ግን ሁሉም ሰው ሙከራውን በዓይኑ ማየት አለመቻሉ ነው። ሮበርት ቦይል አየርን ከመስታወት ዕቃ ውስጥ በሚስብ ፓምፕ ያካሄዳቸውን ሙከራዎች እ.ኤ.አ. በ1660 ሲያሳትም፣ በመላው አውሮፓ እንዲህ ያለ መሣሪያ ያላቸው ሰዎች እጅግ ጥቂት ስለነበሩ፣ የመሣሪያውን ሥዕል አስቀርጾ፣ ያደረገውን ሁሉ በቅደም ተከተል ዘርዝሮ፣ ያልተሳኩለትን ሙከራዎች ጭምር መዝግቦ አቀረበ። ያልተሳካውን መጻፉ በተለይ ሊስተዋል ይገባል፤ ለሚያምን አንባቢ የሚጽፍ ሰው የከሸፈበትን ነገር የሚያወራበት ምክንያት የለውምና።

በቦይል ጽሑፍ ውስጥ ጸሐፊው አልተሰወረም፤ «እኔ እንዲህ አደረግሁ፣ እንዲህም አየሁ» እያለ ነው የሚተርከው። ጸሐፊውን የሚሰውረው የአጻጻፍ ስልት ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ የመጣ ልማድ ነው። የአካዳሚያዊ ጽሑፍን ጠባይ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ይህን ልማድ ከመሠረቱ ለይቶ ቢይዘው ይጠቀማል።

መሠረቱ ራሱ ጎልቶ የሚታየው አንድን ነገር በሁለቱም መንገድ ተጽፎ ሲያነጻጽሩት ነው፤ ለዚህም ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ከድንቅነሽ፣ በውጭ ስሟ ከሉሲ፣ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 24 ቀን 1974 ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ በአፋር፣ ሐዳር በተባለው ስፍራ ያገኙት ይህ ቅሪተ አካል የአንድን አካል አጽም 40 በመቶ ያህል የያዘ ነው። በትምህርት ቤት ደብተሮች፣ በቱሪዝም በራሪ ወረቀቶችና በጋዜጣ ዓምዶች ላይ ደጋግሞ የሚገኘው ዐረፍተ ነገር «የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ድንቅነሽ የሰው ልጅ ሁሉ እናት ናት» የሚል ነው። ዐረፍተ ነገሩ ለተጻፈበት ዓላማ ምንም እንከን አይወጣለትም፤ አጭር ነው፣ ይታወሳል፣ ያኮራል። የጥናት መጽሔት አርታኢ እጅ ቢገባ ግን ሳይነካ የሚቀር ቃል አይኖረውም።

ከስሙ ሲጀመር፣ ተመራማሪዎች ይህን አጽም በመደበኛ ጽሑፋቸው የሚጠሩት «ኤ.ኤል. 288-1» በሚል መለያ ሲሆን፣ ፊደሎቹ የአፋር የግኝት ስፍራ መሆኑን፣ 288 የስፍራውን ቁጥር፣ 1 ደግሞ በዚያ ስፍራ የተመዘገበውን ናሙና ያመለክታሉ። መለያው ውበት የለውም፤ ነገር ግን የትኛው አጥንት ከየት እንደተነሣ የሚጠራጠር ሰው በዚህ ቁጥር ተመርቶ ናሙናውን ሊደርስበት ይችላል። «የ3.2 ሚሊዮን ዓመት» የሚለውም እንዲሁ ይመረመራል፤ ዕድሜው የተለካው ከአጥንቱ ሳይሆን አጥንቱ ከተገኘበት የአፈር ንብርብር በታች ከተቀመጠ የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። በአመዱ ውስጥ ባሉ ደቃቅ ማዕድናት ፖታሲየም ከተባለው ንጥረ ነገር አንዱ ዓይነት በታወቀ ፍጥነት ወደ አርጎን ጋዝ ስለሚለወጥ፣ የአርጎኑን መጠን በመለካት አመዱ የወደቀበትን ዘመን ማስላት ይቻላል፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ ጥናት ለዚያ አመድ 3.18 ሚሊዮን ዓመት፣ ከ10 ሺህ ዓመት ያህል ወዲያና ወዲህ ጋር ሰጥቶታል። ስለዚህ ጥንቁቁ አባባል «አጽሙ ከ3.18 ሚሊዮን ዓመት በጥቂት ያነሰ ዕድሜ አለው» የሚል ይሆናል። «ወዲያና ወዲህ» የሚለው የስሕተት ወሰን፣ ማለትም መለኪያው ሊያዛባ የሚችልበት መጠን፣ በዕለት ተዕለት ጽሑፍ ውስጥ የጸሐፊውን እርግጠኝነት የሚያጎድል ሲመስል፣ በአካዳሚያዊ ጽሑፍ ውስጥ ግን ያለ እርሱ ቁጥሩ ምን ያህል እንደሚያስተማምን አይታወቅም።

«ናት» የሚለው ቃል ደግሞ ጾታ ይወስናል። አጽሙ የሴት ነው የተባለው በዋነኛነት ከሌሎች የዝርያው አባላት አጥንቶች ጋር ሲነጻጸር በጣም አነስተኛ በመሆኑ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ሁለት ተመራማሪዎች የዳሌውን አጥንት ቅርጽ መሠረት አድርገው ወንድ ሊሆን ይችላል ብለው ተከራክረዋል። ክርክሩ ብዙ ተከታይ አላገኘም፤ ሆኖም ስለ ድንቅነሽ ዳሌ የሚጽፍ ሰው ሳይጠቅሰው ቢያልፍ አንድ ገምጋሚ እንደሚያስታውሰው እርግጥ ነው። በመጨረሻም «የሰው ልጅ ሁሉ እናት» የሚለው ሐረግ ጨርሶ ይወጣል፤ አንድ ግለሰብ ቅሪተ አካል ልጅ መውለዱን እንኳ የሚያሳይ ማስረጃ ስለሌለ፣ ሊባል የሚችለው ቢበዛ ድንቅነሽ የምትመደብበት ዝርያ ለኋለኛው የሰው ዘር ቅድመ አያት ከሆኑት ዝርያዎች አንዱ ሊሆን ይችላል የሚል ነው።

የዝርያው ስም ታሪክ ከዚህም በላይ ያስተምራል። አጽሙ በ1974 ቢገኝም «አውስትራሎፒቴከስ አፋረንሲስ» የሚለው ሳይንሳዊ ስም የወጣው ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። በሥነ ሕይወት የስያሜ ሕግ መሠረት አዲስ ዝርያ ሲሰየም ስሙ የሚታሰርበት አንድ ናሙና መመረጥ አለበት፤ ወደፊት ክርክር ቢነሣ ስሙ ይህን ናሙና ተከትሎ ይሄዳል። ለዚህ ዝርያ የተመረጠው ድንቅነሽ አልነበረችም፤ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በታንዛኒያ፣ ላኤቶሊ በተባለ ስፍራ የተገኘ የታችኛው መንጋጋ ነው። የላኤቶሊውን ምርምር ትመራ የነበረችው ሜሪ ሊኪ የሐዳርንና የላኤቶሊን ቅሪቶች በአንድ ስም መጠቅለሉን ስላልተቀበለችው ስሟ ዝርያውን ከሰየመው ጽሑፍ ደራሲዎች ዝርዝር እንዲወጣ አደረገች። ይህ ሁሉ ለቱሪስት በራሪ ወረቀት አላስፈላጊ ዝርዝር ነው። ለባለሙያው አንባቢ ግን ስሙ በምን ላይ እንደቆመና ማን እንዳልተስማማበት የሚያሳይ መዝገብ በመሆኑ ሊቀር የማይችል ነው።

ከዚህ ምሳሌ የሚወጣው የመጀመሪያው ጠባይ የእርግጠኝነት ልክ ነው። አማርኛ ለዚህ የሚሆን በቂ መሣሪያ አለው፦ «ያሳያል»፣ «ያመለክታል»፣ «ይመስላል»፣ «ሊሆን ይችላል»፣ «ሳይሆን አይቀርም» የሚሉት ግሦች እያንዳንዳቸው የተለያየ የማስረጃ ክብደት ይሸከማሉ። በዕለት ተዕለት ንግግር እነዚህ ብዙውን ጊዜ የትሕትና ወይም የይሉኝታ መግለጫዎች ናቸው፤ ሽማግሌ ፊት «እንዲህ ይመስለኛል» የሚል ወጣት ፍጹም እርግጠኛ ሊሆን ይችላል። በአካዳሚያዊ ጽሑፍ ግን «ይመስላል» የሚለው ከይሉኝታ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ማስረጃው እስከዚህ ድረስ ብቻ ይዘልቃል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በጆን ካፔልማን የተመራ፣ ኦስቲን በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የተካሄደ ጥናት የድንቅነሽን አጥንቶች በሲቲ ስካን መርምሮ በትከሻዋና በሌሎች አጥንቶቿ ላይ የሚታዩት ስብራቶች ከረጅም ዛፍ ላይ በመውደቅ መሞቷን እንደሚጠቁሙ «ኔቸር» በተባለው መጽሔት አሳተመ። የጽሑፉ ርእስ ራሱ «ይጠቁማሉ» የሚል ግሥ ይዞ ሳለ፣ ዜናው ወደ ጋዜጦች ሲደርስ ድንቅነሽ ከዛፍ ወድቃ ሞተች የሚል ሆነ። ጆሃንሰንን ጨምሮ ሌሎች ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ስንጥቆች በሐዳር በተገኙ የእንስሳት አጥንቶች ላይም እንደሚታዩና አጥንት ለሚሊዮን ዓመታት ከመሬት በታች ሲጫን እንዲህ እንደሚሰነጠቅ በመጥቀስ ተቃወሙ። ሙግቱ የተካሄደው በተለሳለሰው ግሥ ዙሪያ ነው፤ ጋዜጣው የጣለው ያንኑ ግሥ ነበር።

ሁለተኛው ጠባይ የምንጭ ጉዳይ ነው። «አበው እንደሚሉት»፣ «እንደሚታወቀው»፣ «ይባላል» በሚሉ መነሻዎች የሚጀምር ዐምድ አንባቢውን በጋራ እውቀት ያስተሳስራል፤ ምሳሌያዊ አነጋገር ጨምሮበት ቢገባ ደግሞ ነገሩ ያለቀ ያህል ይቆጠራል። በአካዳሚያዊ ጽሑፍ ምሳሌያዊ አነጋገር የጥናት ጉዳይ እንጂ ማስረጃ አይሆንም፤ «እንደሚታወቀው» የሚለውም ወዲያው «ማን ያውቀዋል?» የሚል ጥያቄ ያስከትላል። ዋቢ መጥቀስ፣ ማለትም ሐሳቡ ከማን፣ ከየትኛው ሥራና ከየትኛው ገጽ እንደተወሰደ መናገር፣ የጨዋነት ግዴታ ብቻ ተደርጎ ሲሰጥ ይታያል። ከዚያ ይበልጣል፤ ተጠራጣሪው አንባቢ ወደ ኋላ ሄዶ የሚያጣራበት መንገድ እርሱ ነውና።

ዋቢ አጠቃቀስ በአማርኛ የራሱ የሆነ ጣጣ አለው። የፕሮፌሰር ባዬ ይማምን የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፍ የሚጠቅስ ተመራማሪ «ባዬ (1987)» ብሎ ይጽፋል። በዕለት ተዕለት ሕይወት አንድ ተማሪ መምህሩን ያለ ማዕረግ በስሙ ብቻ ቢጠራ ብልግና በሆነ ነበር፤ እዚህ ግን ማዕረጉ ሆን ተብሎ ይጣላል፣ የሐሳቡ ክብደት ከማዕረግ መምጣት የለበትምና። ሆኖም ቋንቋው እስከ መጨረሻው እጁን አይሰጥም፤ ብዙ ጊዜ ግሡ አክብሮቱን እንደያዘ ይቀርና «ባዬ (1987) እንዳስረዱት» ተብሎ ይጻፋል። ለውጭ መጽሔት ሲሆን ደግሞ ያው ሰው በአባቱ ስም ተይዞ «ይማም» ተብሎ ይመዘገባል፤ አንድ ደራሲ በሁለት የዋቢ ዝርዝሮች ሁለት ሰው መስሎ የሚታይበት አጋጣሚ ከዚህ የሚመነጭ ነው። 1987 የሚለው ዓመትም ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ካልተለየ ምንጩን ከሰባት እስከ ስምንት ዓመት ያንሸራትተዋል፤ ለዚህም ነው ጥንቁቅ የአማርኛ አርታኢዎች የዘመን አቆጣጠሩን በየቦታው ማሳየትን የሚያጠብቁት።

ኢትዮጵያ ከዘመናዊው ዩኒቨርሲቲ በፊት የራሷ የሊቃውንት አጻጻፍ እንዳላት መዘንጋት አይገባም። የመጻሕፍት ትርጓሜ ትምህርት፣ በተለይ አንድምታ የሚባለው ስልት፣ አንድን የግእዝ ንባብ ወስዶ «አንድም» እያለ አማራጭ ፍቺዎችን ጎን ለጎን ያሰልፋል፤ አንዱን መርጦ ሌላውን መጣልም ግዴታው አይደለም። የተለያዩ ሐሳቦችን ባለማጥፋቱ ከዛሬው የቀደሙ ጥናቶች ክለሳ ጋር ይቀራረባል። የሚለያዩት በተጠያቂነቱ መንገድ ነው፦ የአንድምታ ፍቺ ብዙ ጊዜ የባለቤቱን ስም ሳይይዝ በጉባኤ ቤት ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲተላለፍ የኖረ በመሆኑ፣ ጥራቱን የሚያረጋግጠው የመምህራኑ ሐረግ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ጽሑፍ ግን የትኛውን ሐሳብ ማን መቼ እንዳመጣው ለይቶ ማሳየት ይጠበቅበታል።

በሥነ ሰብ ጥናትም ቢሆን ጥንቃቄው አይቀንስም። በታዋቂ ጽሑፎች «የአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያዊ ፈላስፋ ዘርዐ ያዕቆብ» ተብሎ በእርግጠኝነት የሚጠቀሰው ሰው፣ በጥናት መጽሔት ውስጥ «በዘርዐ ያዕቆብ ስም የሚታወቀው ሐተታ ደራሲ» ሊባል ይችላል። ምክንያቱ ድርሰቱ ራሱን በ1667 እ.ኤ.አ. ቢያስቀምጥም፣ የእጅ ጽሑፉ ወደ አውሮፓ የደረሰው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በተባለ ኢጣሊያዊ ሚስዮናዊ በኩል መሆኑ ነው፤ ምሁሩ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ደራሲው ራሱ ሚስዮናዊው ነው ሲል ተከራከረ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ክሎድ ሰምነር ደግሞ የድርሰቱን ኢትዮጵያዊነት በሰፊው ደገፉ። ተመራማሪው የራሱ አቋም ሊኖረው ይችላል፣ ሊኖረውም ይገባል፤ አቋሙን የሚገልጸው ግን የተቃራኒውን ወገን ሙግት በሚገባው ጥንካሬ ካቀረበ በኋላ ነው። የሌላውን ሐሳብ አዳክሞ አቅርቦ ከዚያ መርታት በጋዜጣ ሙግት ያስጨበጭብ ይሆናል፤ በዚህ ዘርፍ እንደ ድክመት ይቆጠራል።

ሦስተኛው ጠባይ ቃላትን ወስኖ መያዝ ነው። «ድርቅ» የሚለውን ቃል የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አይኖርም፤ ሆኖም ቃሉ ለሚትዮሮሎጂ ባለሙያ የዝናብ መጠን ከረጅም ዘመን አማካዩ ማነሱን፣ ለግብርና ተመራማሪ ሰብሉ በሚፈልገው ጊዜ አፈሩ እርጥበት ማጣቱን፣ ለውሃ ሀብት ባለሙያ ደግሞ የወንዞች፣ የሐይቆችና የከርሰ ምድር ውሃ መቀነሱን ያመለክታል። ሦስቱ ሁልጊዜ አብረው አይመጡም። የክረምቱ ዝናብ በድምሩ አማካዩን ቢሞላ እንኳ በነሐሴ መጨረሻ ድንገት ከተቋረጠ ጤፉ ሳያፈራ ሊቀር ይችላል፤ ለመጀመሪያው ባለሙያ ድርቅ አልነበረም፣ ለሁለተኛው ግን ነበረ። ስለዚህ «በዚህ ጥናት ውስጥ ድርቅ ማለት» የሚል አንቀጽ ሲገኝ፣ ደራሲው አንባቢውን አላዋቂ አድርጎ ቆጥሮት አይደለም። ከየትኛው ድርቅ ጋር እንደሚሟገት መንገሩ ነው። የአማርኛ ጸሐፊ በዚህ ረገድ ተጨማሪ ሸክም አለበት፤ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የማስተማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ በመሆኑና አካዳሚያዊ አማርኛ በአመዛኙ በቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍሎች ተወስኖ በመቆየቱ፣ በሌሎች ዘርፎች አንድ ጽንሰ ሐሳብ በየጸሐፊው የተለያየ ስም ይዞ ይዞራል። ባለሙያዎች የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት አዘጋጅተዋል፤ አጠቃቀሙ ግን መዝገቡን አልተከተለም።

ስለ ቅርጽ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ተረትም ሆነ የጋዜጣ ትረካ ፍጻሜውን ሸሽጎ አንባቢውን ሲጎትት፣ አካዳሚያዊ ጽሑፍ መደምደሚያውን አስቀድሞ «አጠቃሎ» በሚባለው የመጀመሪያ አንቀጽ ይናገራል፤ አንባቢው ልቡ ተንጠልጥሎ እንዲጠብቅ አይፈለግም፣ ሙግቱን እየመዘነ እንዲከተል ነው። በተፈጥሮ ሳይንስ መጽሔቶች ዘንድ መግቢያ፣ ዘዴ፣ ውጤትና ውይይት የሚለው ቅደም ተከተል በተለይ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ነግሷል። ከመታተሙ በፊት ስማቸው ብዙ ጊዜ ለደራሲው የማይገለጥ የሙያው ሰዎች ጽሑፉን የሚመረምሩበት የአቻ ግምገማ የሚባለው አሠራርም ሰዎች እንደሚገምቱት ጥንታዊ አይደለም፤ «ኔቸር» ራሱ ግዴታ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው።

በኢትዮጵያ የመመረቂያ ጽሑፎች ይህ ቅርጽ የጥናቱ ዳራ፣ አነሳሽ ምክንያት፣ ዓላማ፣ ወሰን፣ ክለሳ ድርሳናት፣ የአጠናን ዘዴ እያለ ይወርዳል። ቅርጹ በራሱ መልካም ነው፤ የሚያሳዝነው ቅርጹን መሙላት እንደ ማሰብ መቆጠሩ ነው። «ይህ ጥናት በአዲስ አበባ ከተማ በሚገኙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተማሪዎችን የማንበብ ልምድ በመፈተሽ ላይ ትኩረቱን በማድረግ የተካሄደ ጥናት ሲሆን» ብሎ የሚጀምር ዐረፍተ ነገር «ጥናት» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ይደግማል፣ «በመፈተሽ ላይ ትኩረቱን በማድረግ» የሚለውን «የፈተሸ» ብሎ መቋጨት ሲችል ያንዘላዝለዋል፤ በአንጻሩ ስንት ትምህርት ቤት፣ የስንተኛ ክፍል ተማሪ፣ «ማንበብ» ሲል የመማሪያ መጽሐፍን ይጨምር አይጨምር የሚለውን፣ ተጠራጣሪው አንባቢ በእርግጥ የሚፈልገውን አንዱንም አይነግረውም። እንዲህ ያለው ጽሑፍ የከበደ እንጂ አካዳሚያዊ አይደለም።

ክብደት ከጥንቃቄ ጋር ግንኙነት እንደሌለው የሚያሳየው ታላቁ ማስረጃ ጄምስ ዋትሰንና ፍራንሲስ ክሪክ የዲኤንኤን ቅርጽ ያቀረቡበት፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 25 ቀን 1953 በ«ኔቸር» የታተመው ጽሑፍ ነው። ርዝመቱ ከአንድ ገጽ ብዙም አያልፍም፤ ደራሲዎቹ ከመጀመሪያው ጀምሮ «እኛ» እያሉ ይጽፋሉ፤ የሚያቀርቡትንም «አገኘን» ሳይሉ ሐሳብ እንደሚሰነዝር ሰው በልኩ ይገልጹታል። ቀድሞ የተሰነዘሩ ሁለት ሌሎች ቅርጾችን ጠቅሰው ለምን እንዳልተቀበሏቸው ይናገራሉ፤ ያላረጋገጡትንም ገና ይፈተናል ይላሉ። «እኛ» ማለታቸው ከጽሑፉ ሳይንሳዊነት ምንም አልቀነሰም። በሦስተኛ መደብ መጻፍ፣ ማለትም «ተመራማሪው እንዲህ አደረገ» ማለት፣ በብዙ የአማርኛ ትምህርት ክፍሎች የሚጠበቅ ሥርዐት ነውና የሚከበር ነው፤ ሥርዐት መሆኑ ግን ከግድ መሆኑ ጋር መምታታት የለበትም።

የዕለት ተዕለት ጽሑፍ ከዚህ ሁሉ የተነሣ ዝቅ ያለ ነው ማለት አይቻልም። የሐዘን ደብዳቤ በስሕተት ወሰን አይጻፍም፤ ገበሬን ስለ ዋግ የሚያስጠነቅቅ ማስታወቂያ አምስት ተቃራኒ ጥናቶችን ቢያሰልፍ የሚያስከትለው ጥፋት ነው። እያንዳንዱ ጽሑፍ በአንባቢው ልክ ይመዘናል። አደጋው ያለው ከአንዱ ወደ ሌላው በሚሻገሩበት ቦታ ላይ ነው፤ በተለይ የጥናት ውጤት ወደ አማርኛ ዜና ሲገባ። «ተመራማሪዎች አረጋገጡ» የሚለው የተለመደ ርእስ ብዙ ጊዜ ተመራማሪዎቹ ያላሉትን ይናገራል፤ በሃምሳ ሰዎች ላይ የታየ ነገር በሰው ልጅ ሁሉ ላይ እንደታየ፣ ከአንድ ነገር ጋር አብሮ የተገኘ ነገር በዚያ ነገር እንደመጣ ሆኖ ይቀርባል። ማቅለል የጋዜጠኛው ሙያ ነው፣ ማንም አይከለክለውም፤ «ይጠቁማል» የተባለውን «አረጋገጠ» ማለት ግን ግኝቱን በሌላ ግኝት መተካት ነው። ስለ ጥናት በአማርኛ የሚጽፉ ጋዜጠኞች፣ መምህራንና የሬዲዮ አዘጋጆች ከከባዱ ቃል ሁሉ ቢሸሹ ችግር የለውም፤ የመጽሔቱን ስም፣ የታተመበትን ዓመትና ተመራማሪዎቹ የተጠቀሙበትን ግሥ ግን እንዳለ ይዘው ይምጡ።